ቄርሎስና ቴዎፍሎስ ጨረቃ ላይ ምን ያደርጋሉ?

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርታዊ ጽሑፍ ስለ ጨረቃ ነው። «ስለ ጨረቃማ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። እኛም እንደዚያው ስንል ነበር። ጨረቃ የምድር ሳተላይት መሆኗን፣ የራሷ ብርሃን እንደሌላት፣ ምድርን ለመዞር 27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅባት፣ ከአንዱ ሠርቅ እስከሚቀጥለው ሠርቅ ግን 29 ቀን ተኩል ያህል እንደሚሆን ሸምድደን አልፈናል። ካርታዋን ግን ስንቶቻችን አይተናል? ጨረቃ እኮ ካርታ አላት። ያውም ተራራው፣ ሸንተረሩ፣ ጉድጓዱ ሁሉ ስም የተጻፈበት ካርታ።

ይህን ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ የወረኢሉ ወይም የመካነ ሰላም ልጅ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አንድ የሚያስገርም ነገር ያጋጥመዋል። ስሞቹ የሩቅ አገር ስሞች ይሆናሉ ብሎ ሲጠብቅ ቄርሎስ፣ ቴዎፍሎስ፣ ዲዮናስዮስ የሚሉ ስሞች ያነባል። እነዚህ ደግሞ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ከቅዳሴና ከስንክሳር የሚያውቃቸው ስሞች ናቸው። ዓይኑን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ቢያደርግ ደግሞ አል ፈርጋኒን፣ ከሊፋው አል ማእሙንን፣ አቡል ፊዳን ያገኛል። እነዚህንም መስጊድ የቀራ ጓደኛው አያጣቸውም።

ታዲያ ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ጨረቃ ላይ ቅዱሳን አሉ ማለት ነው?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ስቆ ማለፍ ይቻላል። «ከትምህርቱ ውጭ ነው፣ ተቀመጥ» ማለትም ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ይኸው ነው። እኛ ግን ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ሞክረናል። ስንገባበትም መልሱ ከሒሳብ፣ ከታሪክ፣ ከጂኦግራፊ፣ አልፎም ለማስተማር ከሚከብድ ከአንድ የግድያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው።

ስም አውጪዎቹ

ቴሌስኮፕ በአውሮፓ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1608 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጋሊሊዮ መሣሪያውን ወደ ጨረቃ አዙሮ ተራራና ጉድጓድ አየ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሥነ ፈለክ ዐዋቂ የራሱን ካርታ መሣል ጀመረ፤ ስም ማውጣትም እንዲሁ በየፊናው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1645 ላንግሬኑስ የተባለ ሰው ካርታ ሲያወጣ የነገሥታትንና የመኳንንትን ስም በብዛት ሞላበት። ምን ይደረግ፣ ደመወዙ ከቤተ መንግሥት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄቬሊዩስ የተባለው የዳንዚግ ሰው ደግሞ የምድርን ተራሮችና ባሕሮች ስም ወደ ጨረቃ ወሰደ። ዛሬ ቲኮ የምንለውን ባለ ጨረር ጉድጓድ እሱ «ደብረ ሲና» ብሎት ነበር። ስሙ ግን አልጸናም።

የጸናው እ.ኤ.አ. በ1651 የወጣው የሪቾሊ ስም ነው። ጆቫኒ ሪቾሊ በጣሊያን አገር በቦሎኛ የሚኖር የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። ካርታውን የሣለለት የማኅበሩ ባልደረባ ግሪማልዲ ነው። ሪቾሊ ጨረቃን በስምንት ከፍሎ በየክፍሉ ጉድጓዶቹን በሥነ ፈለክ፣ በሒሳብ፣ በፍልስፍናና በዘመን አቆጣጠር በታወቁ ሰዎች ስም ሰየማቸው። በአንድ ዘመን የኖሩትን ወይም በሙያ የሚቀራረቡትን ጎረቤት ለማድረግ ጥሯል። ጥቋቁሮቹን ሜዳዎች «ባሕር» አላቸው፤ የጸጥታ ባሕር፣ የዝናብ ባሕር፣ የማዕበል ውቅያኖስ እያለ። ውኃ ግን ጠብታ የለባቸውም፤ ድሮ ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። የራሱንና የግሪማልዲን ስምም አልረሳም፤ በምዕራብ ጫፍ ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች ለሁለቱ ደርሰዋቸዋል።

ስለ ሪቾሊ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ትምህርት በመጽሐፉ አልተቀበለም። ጋሊሊዮ በዚሁ ጉዳይ የተፈረደበት ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1633 ነው። ሆኖም ሪቾሊ በጨረቃ ላይ ካሉት ከሁሉ ከሚያምሩትና ከሚደምቁት ጉድጓዶች አንዱን «ኮፐርኒከስ» ብሎ ሰየመ። የማይስማማበትን ሰው እንዲህ ማክበር ቀላል ነገር አይደለም።

ለምን እነዚህ ቅዱሳን ተመረጡ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሪቾሊ ካህን ስለሆነ ብቻ ቅዱሳንን ጨረቃ ላይ ያሰፈረ ይመስለን ነበር። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቴዎፍሎስና ቄርሎስ እዚያ ለመገኘት የራሳቸው የሆነ የሙያ ምክንያት አላቸው፤ ይኸውም የፋሲካ ሒሳብ ነው።

ቴዎፍሎስ እ.ኤ.አ. ከ385 እስከ 412 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። በእኛ አገር ስሙ ከደብረ ቁስቋም ድርሳን ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከ380 የሚጀምር የመቶ ዓመት የፋሲካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ልኳል። ቄርሎስ የእኅቱ ወይም የወንድሙ ልጅ ነው ይባላል፤ ብቻ እሱ አጎት፣ ቄርሎስ የሥጋ ዘመድና ወራሽ መሆናቸው የታወቀ ነው። ቄርሎስ ከ412 እስከ 444 በመንበሩ ተቀመጠ፤ በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን የተከራከረውም እሱ ነው። ጽሑፎቹ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሰው «ቄርሎስ» በሚባለው መጽሐፍ ይገኛሉ፤ በስሙም ቅዳሴ አለ። እሱም የ95 ዓመት የፋሲካ ሠንጠረዥ አወጣ። ዘጠና አምስት ምንድን ነው? 5 ጊዜ 19 ነው።

ይህች 19 የምትባል ቁጥር ለአስተማሪ ወርቅ ናት። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ለመሆን ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ በአንድ ቀን ሙሉ የሆነች ጨረቃ ከ19 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን ግድም ሙሉ ትሆናለች። ግሪኮች ይህን ዑደት በሜቶን ስም ይጠሩታል፤ ሜቶንም በጨረቃ ሰሜን በኩል ሰፊ ጉድጓድ አለው። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ንዑስ ቀመር ይሉታል፤ ባሕረ ሐሳብም በእሱ ላይ የቆመ ነው። የባሕረ ሐሳብ መሥራች ተብሎ በትውፊት የሚጠራው ከቴዎፍሎስም የሚቀድመው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ነው።

ለምሳሌ ያህል 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ይሆናል። ይህን ለ19 ብናካፍል 395 ደርሶ 12 ይተርፋል። ከቀሪው አንድ ሲነሣ 11 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ አበቅቴው 1 ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29 ይቀራል፤ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሆኑ፤ ምንጊዜም እንዲሁ ነው፣ ካልሆነ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው። መስከረም 29 ቀን ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4 ተደምሮ 33፤ በ30 ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በዚያችው 3 ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 12፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋለ። ይህን ሒሳብ ለስድስተኛ ክፍል የማካፈልና የቀሪ ትምህርት ብናስተምርበት ተማሪው ቤቱ ሄዶ ለአባቱ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

በ11 የምናባዛው ለምንድን ነው? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው። አሁን ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሙስሊም ተማሪዎች እንጠይቅ፤ ረመዳን በየዓመቱ በስንት ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል? በ11 ቀን ያህል። የሂጅራው አቆጣጠር ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል ያቺን 11 ቀን አያርማትም፤ ባሕረ ሐሳብ ግን ወር እየጨመረ ፋሲካን በጸደይ መግቢያ ዙሪያ ያቆያታል። እነሆ፣ አንዲቷ 11 በአንዱ ቤት አበቅቴ፣ በሌላው ቤት የረመዳን ጉዞ ሆና ትታያለች። በወረኢሉ ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ መርጃ ይገኛል ብለን አናምንም።

ዲዮናስዮስም ከሰማይ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ይህ የአቴናው ዲዮናስዮስ ነው፤ ጌታ በተሰቀለ ቀን ፀሐይ ስትጨልም አይቶ ተደነቀ ተብሎ በስሙ በተጻፉ ደብዳቤዎች ይነገራል። በጨረቃ ላይ የደረሰው ጉድጓድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በጸጥታ ባሕር ምዕራባዊ ዳር ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ያበራል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ያ ጨለማ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር? የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ፣ ማለትም ጨረቃ ጠፍታ በምትወለድበት ጊዜ ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በኩል የታየው የቀለበት ግርዶሽ የሆነው በዚሁ ጊዜ ነው። የአይሁድ ፋሲካ ደግሞ በ14ኛው ሌሊት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው። ስለዚህ ተራ ግርዶሽ ሊሆን አይችልም። የጥንት ሊቃውንትም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ «ተአምር ነው» ያሉት ግርዶሹ በማይሆንበት ቀን ሆነ በሚል ነው። አስተማሪው የግርዶሽን አሠራር ያስረዳ፤ ተአምሩን ማመንና አለማመን የክፍለ ጊዜው ሥራ አይደለም።

አጎትየው ታናሽ የሆነበት ቦታ

ቴዎፍሎስ፣ ቄርሎስና ካትሪና የሚባሉት ሦስት ጉድጓዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተያይዘው ይገኛሉ። ጎናቸው ያለው ጠቆር ያለ ክብ ሜዳ በላቲን የነክታር ባሕር ይባላል፤ እኛ «የወለላ ባሕር» ብንለው የተሻለ ይመስለናል። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ ሲነገር አይገባም። ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም በአየር መስመር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቴዎፍሎስን አንድ ጠርዝ ወረኢሉ ላይ ብናደርገው መካነ ሰላም ከነገበያዋ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባና ቦታ ይተርፋል። ከጠርዙ እስከ ወለሉ ያለው ቁልቁለት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቦረና ሰው የዓባይን ቁልቁለት ወርዶ ስለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሱ መንገር አያስፈልግም። ከመካከሉ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ባለ ብዙ ጫፍ ተራራ ተነሥቷል።

እነዚህ ጉድጓዶች የተፈጠሩት ከሕዋ የመጡ ትልልቅ ድንጋዮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲወድቁ ነው። ድሮ የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሦስቱ እኩል ስፋት ቢኖራቸውም እኩል ዕድሜ የላቸውም። ካትሪና ጠርዟ ተፈርፍሮ፣ በላይዋ ላይ ሌሎች ጉድጓዶች ተቆፍረውባት ያረጀች ናት። ቄርሎስ ከሷ ይሻላል። ቴዎፍሎስ ግን ጠርዙ ስል፣ እርከኑ ገና ያልፈረሰ ነው፤ የቄርሎስንም ግድግዳ ሰብሮ ገብቷል። ሰባሪው ከተሰባሪው በኋላ የመጣ መሆን አለበት። እንግዲህ በምድር አጎት የነበረው ቴዎፍሎስ በጨረቃ ላይ ከቄርሎስ ያነሰ ሆኖ ቁጭ አለ! ሪቾሊ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ይህን በክፍል ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በገበቴ ላይ የተነፋ አመድ ደልድሎ ጠጠር ከፍ አድርጎ መጣል ነው። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ አጠገቡ ሁለተኛ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጠርዝ ሲበላው ተማሪው ራሱ «የቱ ይቀድማል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ነፋስ ባለበት ግን አይሞከር፤ አመዱ ዓይን ይገባል።

ስለ ካትሪና ጥቂት እንበል። የእስክንድርያ ልጅ፣ የተማረች ድንግል፣ በንጉሥ ፊት ቀርባ 50 ፈላስፎችን በክርክር ረትታ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሰማዕትነት ያለፈች ናት ይላል ገድሏ። በሲና ተራራ ሥር ያለው ታላቅ ገዳም በስሟ ይጠራል፤ በአውሮፓም የተማሪዎችና የፈላስፎች ጠባቂ ተብላ ትከበራለች። ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዘመኗ የተጻፈ ማስረጃ ስለማያገኙ በእርግጥ መኖሯን ይጠራጠራሉ። እንዲያውም ታሪኳ የሌላ የእስክንድርያ ሴት ጥላ ሳይኖርበት አይቀርም የሚሉ አሉ። ያቺ ሴት ሂፓቲያ ናት።

ያከራከረን ክፍል

ሂፓቲያ የሒሳብ ሊቁ የቴዎን ልጅ ነበረች። ራሷም ሒሳብ፣ ሥነ ፈለክና ፍልስፍና በእስክንድርያ ታስተምር ነበር፤ ማለትም የእኛው ሙያ ባልደረባ ናት። ክርስቲያን አልነበረችም፤ ከተማሪዎቿ መካከል ግን በኋላ ጳጳስ የሆነው ሲኔስዮስ ይገኝበታል። ቄርሎስ በተሾመ በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ415፣ በእሱና በከተማው ገዥ በኦሬስቴስ መካከል ብርቱ ጠብ ነበር። ሂፓቲያ ገዥው የሚያማክራት ሰው ስለነበረች «እንዳይታረቁ የምታደርገው እሷ ናት» የሚል ወሬ ተነዛ። ግርግር ያነሣ ሕዝብ ከሠረገላዋ አውርዶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎትቶ ገደላት። ይህን የጻፈው በዚያው ዘመን የነበረ ሶቅራጥስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው (ፈላስፋው ሶቅራጥስ አይደለም)። ድርጊቱ በቄርሎስና በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነቀፌታ እንዳመጣም ጽፏል። ቄርሎስ ራሱ አዘዘ የሚል ማስረጃ ግን ከሱ ጽሑፍ አይገኝም፤ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሁለተኛው ምስክር ደግሞ የሚገኘው በእኛው አገር ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው የግብፅ ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዩስ አንድ የዓለም ታሪክ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የዐረብኛው ትርጉምም ጠፍቷል። የቀረው እ.ኤ.አ. በ1602 ኢትዮጵያ ውስጥ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ዓለም ይህን መጽሐፍ የሚያነበው በግዕዙ አማካይነት ነው፤ በፓሪስም በ1883 ታትሟል። ዮሐንስ የሂፓቲያን አሟሟት ይተርካል፤ ነገር ግን የሚቆመው ከገዳዮቿ ወገን ነው። በአስትሮላብና በሙዚቃ መሣሪያ ሰው የምታታልል አስማተኛ አድርጎ ያቀርባታል። እንግዲህ አስትሮላብ የከዋክብትን ከፍታ መለኪያ ነው፤ አስማቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ለሳይንስ መምህር አይታየውም።

በጨረቃ ላይ ሂፓቲያ የተባለው ጉድጓድ ከቴዎፍሎስ በስተ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ክብ አይደለም፤ ሞላላና ጠርዙ የተበሳሳ ነው፤ በረጅሙ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ያህላል። የአባቷ የቴዎን ጉድጓድም እዚያው አካባቢ ነው። ከሷ ሰሜን ያሉት ረጃጅም ስንጥቆችም በስሟ ይጠራሉ። ከስንጥቆቹ ጥቂት አለፍ ብሎ በጸጥታ ባሕር ላይ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በጨረቃ የረገጡበት ቦታ አለ፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1969፣ በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከፊሎቻችን «የሂፓቲያን ነገር ለምን እናነሣለን? ወላጅ ይቆጣል፣ ቄሱም ይቀየማሉ፤ የፋሲካውን ሒሳብ አስተምረን እንለፍ» አልን። ይህ ሐሳብ ቀላል ሐሳብ አይደለም፤ መምህር ከሕዝቡ ጋር ካልተስማማ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይቀራል። ሌሎቻችን ደግሞ «ካርታው ላይ ስሟ ተጽፎ ሳለ ልጁ ማን ናት ቢለን ምን ልንል ነው?» አልን። በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፤ ለታናናሾቹ ክፍሎች ሂፓቲያ የሒሳብ መምህርት እንደነበረችና በሕዝብ ግርግር እንደተገደለች እንናገራለን፤ ቄርሎስን በተመለከተ ደግሞ ምስክሮቹ የሚሉትን ብቻ፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች እናቀርባለን። የግዕዙ መጽሐፍ የአገራችን ሀብት መሆኑንም እንጨምራለን። አንድ ሠልጣኝ ባልደረባችን እስከ አሁን አልተስማማም፤ የእሱ ተቃውሞም እዚህ እንዲጠቀስ ጠይቆናል።

ጎረቤቶቹ

ከሂፓቲያ ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት የአል ፈርጋኒ ጉድጓድ አለች። አል ፈርጋኒ በዘጠነኛው መቶ ዓመት የኖረ ሥነ ፈለክ ዐዋቂ ነው፤ የበጥሊሞስን ትምህርት አሳጥሮ የጻፈው መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ተምሮበታል። ሊቃውንቱን በባግዳድ ያሰባሰበውና በበረሃ ላይ የምድርን ስፋት ያስለካው ከሊፋ አል ማእሙንም ወደ ደቡብ ምዕራብ ጉድጓድ አለው። አቡል ፊዳና አል ሱፊ፣ አይሁዳዊው ኢብን ኤዝራም እዚያው ሠፈር ናቸው። ሪቾሊ ካቶሊክ ካህን ሆኖ፣ ኦርቶዶክስ የሚያከብሯቸውን የእስክንድርያ አባቶች፣ ክርስቲያን ያልሆነችውን ሂፓቲያን የሚያዋስን ሠፈር ውስጥ ሙስሊሙንና አይሁዱን አስቀምጦ አለፈ። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ጉርብትና እንግዳ አይደለም።

የአፈ ታሪክ ሰዎችም ጨረቃ ላይ ሞልተዋል። አትላስና ሄርኩለስ ጎን ለጎን ናቸው። ከነሱ ብዙም ሳይርቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሴፌዩስ የሚባል ጉድጓድ አለ። ሴፌዩስ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ሚስቱ ካሲዮፔያ፣ ልጁ አንድሮሜዳ። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ማለታቸው ስለሆነ ንጉሡን ከየትኛውም ተራራችን ላይ ፈልገን አናገኘውም። ከዚህ ቤተሰብ ጋር የተያያዘ የቅርብ ጊዜ ዜና ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ እንዲሰይም ሲፈቅድ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ በአንድሮሜዳ ምድብ ውስጥ ያለ ነበር። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባለ። ስለ ቶናና በረካ እስካሁን የተሰማ ነገር የለም። በዚሁ በአንድሮሜዳ ምድብ ውስጥ የምትታየውን ጭጋግ መሳይ ነገር፣ ዛሬ ሌላ ጋላክሲ መሆኗ የታወቀውን፣ በ964 በመጽሐፉ የመዘገበው አል ሱፊ ነው።

ይህ ኅብረት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሆን በየአገሩ ይለያይ የነበረውን የጨረቃ ስም በ1935 በወጣ አንድ ዝርዝር አስተካክሏል። በደንቡ መሠረት ዛሬ ሃይማኖታዊ ትርጉም ያለው አዲስ ስም መስጠት አይፈቀድም፤ የቀድሞዎቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ሆኖም ሕንድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 2023 መንኮራኩሯን በጨረቃ ደቡብ ካሳረፈች በኋላ ቦታው «ሺቭ ሻክቲ» እንዲባል ጠየቀች፤ በመጋቢት 2024 ተፈቀደላት። ስሙ ከሕንድ አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው ተብሎ ነው የጸደቀው። ሺቫን ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ዛሬም ያመልከዋል። አፈ ታሪክ የት አብቅቶ ሃይማኖት የት እንደሚጀምር ኅብረቱ እንዴት እንደለየው ለእኛ ግልጽ አልሆነልንም፤ የሰው አምልኮ ሲሆን ተረት፣ የራስ ሲሆን ሃይማኖት ማለት ይቀላል።

ሦስቱን ጉድጓዶች ለማየት የምትፈልጉ፣ ጨረቃ ከተወለደች በ5ኛው ወይም በ6ኛው ምሽት ውጡ። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ለነሱ ገና እየወጣች ስለሆነ ጥላው ረጅም ነው፤ የብርሃኑና የጨለማው ድንበር በአጠገባቸው ያልፋል። በ14ኛው ሌሊት ግን ጥላ ስለማይኖር ምንም አይለይም፤ ሙሉ ጨረቃ ለመንገደኛ እንጂ ለዚህ ሥራ አትመችም። በባዶ ዓይን የሚታየው የወለላ ባሕር ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። ባይኖኩላር ያለው ሰው ካለ ክንዱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይያዝ፤ አለበለዚያ ይንቀጠቀጥበታል። በሰሜን በኩል ያለችው፣ ጠርዟ ስል የሆነችው ቴዎፍሎስ ናት። በእጅ የገለበጥነው ካርታ ከዚህ ጽሑፍ በስተ ቀኝ ተሰቅሏል፤ የአማርኛ ስሞቹን በቀይ ቀለም ጽፈናቸዋል። መቅዳት የሚፈልግ ይቅዳ፤ ከግድግዳው ላይ ግን አይንቀል።